እሳት እየሞቀች ስለምትሸጠው የናፍጣ መኪና

ቢቸና፣ ግንቦት ፮ ቀን ፲፱፻፷፫ ዓ.ም.

ለክቡር ግራዝማች አካለ ወልድ
የመኸር ዘር ማከፋፈያ ድርጅት የንብረት ክፍል ሹም

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የክቡርነትዎን ጤና፣ የቤተሰብዎን ደኅንነትና የጉልበትዎን ብርታት እየተመኘሁ፣ እኔም ከግቢዎ በዘበኛ ተገፍቼ ስወጣ ከተላጠው ክርኔ በስተቀር በእግዚአብሔር ቸርነት ደኅና መሆኔን በትሕትና አስታውቃለሁ።

ይህን ደብዳቤ አሽጌ በፖስታ መላክ ይገባኝ ነበር። ነገር ግን ክቡርነትዎ እኔን በመክሰስ የጻፉት ደብዳቤ ለአለቃዬ ከመድረሱ በፊት የቢቸና ገበያ ሁሉ ስላነበበው፣ በዚህ አገር ደብዳቤ የሚጻፈው እንዲህ መሆኑን ከርስዎ ተምሬ የኔንም በአደባባይ አውጥቼዋለሁ።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። እኔ በሞጣ ጤና ጣቢያ ነርስ ነኝ። ባለፈው ክረምት ስሜነሽ የምትባል የሃያ ዓመት ሴት ምጥ ጸንቶባት ወደ ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል በቃሬዛ ስንወስዳት፣ ጉንደ ወይን ሳንደርስ ዝናብ እየወረደባት ዐረፈች። ከዚያ ወዲህ የሞጣ ሴቶች፣ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ ማኅበር አቋቁመው ወላድ የምታመላልስ መኪና ለመግዛት ቆረጡ፤ መርምሮ የመግዛቱንም ኀላፊነት ለእኔ ሰጡ። ድርጅትዎ ያገለገለች የናፍጣ መኪና እንደሚሸጥ ሲያስታውቅ ከሞጣ ድረስ ቀድሜ የደረስኩት ስለዚህ ነው። ክረምቱ ሊገባ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል፤ በሐምሌ የሚወልዱ ዐሥራ አንድ ሴቶች ስማቸው በእጄ ነው። እንግዲህ ልግዛ ወይስ አልግዛ እያልኩ እንቅልፍ ያጣሁባቸውን ነጥቦች ክቡርነትዎ በተለመደው ትዕግሥትዎ ይመልከቱልኝ።

፩ኛ፤ መኪናይቱን ለማየት ሦስት ጊዜ መጥቼ ሦስቱንም ጊዜ ሞተሯ ትኩስ ሆኖ ስላገኘሁት፣ ለእንግዳ ለሚያደርጉት አቀባበል ከልብ አመሰግናለሁ። የናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚኑ በብልጭታ አይነሣም፤ አየሩን ጨምቆ በገዛ ሙቀቱ ነው የሚነሣው። ስለዚህ የደከመ ሞተር በብርድ ማለዳ እንቢ ይላል፤ ከሥሩ ፍም ካደረጉለት ግን እንደ ጎረምሳ ይነሣል። ይህን የነገሩኝ በሞጣ የጭነት መኪና ያላቸው ነጋዴ ሐጂ ሙሐመድጣሂር ናቸው፤ «ልጄ፣ ሞተሩን በሙቀቱ ካሳዩሽ ብርዱን ጠይቂ» ብለውኛል። እኔም በሦስተኛው ጊዜ ጎንበስ ብዬ ባይ፣ ከሞተሩ ሥር አመድ አገኘሁ፤ በእጄ ብነካው አቃጠለኝ። ባዘዘው የሚባለውን ዘበኛዎን ምን እንደሆነ ብጠይቀው «ሲስተር ሙች፣ በቆሎ ጠብሼበት ነው» አለኝ። የበቆሎ እሸት በግንቦት የሚደርስበት ማሳ ቢቸና ውስጥ መኖሩን ከዚህ ቀደም አልሰማሁም ነበርና፣ ድርጅትዎ የሚያከፋፍለው ዘር እንዲህ ተአምር የሚሠራ ከሆነ ከመኪናዋ ይልቅ ዘሩን ብንገዛ ይሻለን ነበር።

፪ኛ፤ ኮፈኑን ከፍቼ ለማየት እጄን ስዘረጋ ክቡርነትዎ ቀኝ እጅዎን አንሥተው «ንጉሥ ይሙት፣ እንከን የላትም!» ብለው ማሉ። በአገራችን ይህ መሐላ ከወጣ በኋላ የሚጠራጠር ሰው የተሸጠውን ነገር ሳይሆን ዘውዱን እንደተጠራጠረ ስለሚቆጠር፣ በግቢው የነበሩት ሰዎች ሁሉ ባርኔጣቸውን አውልቀው ከመኪናዋ ሁለት ሁለት እርምጃ ሸሹ። እኔ ግን ኮፈኑን ከፈትኩ፤ ሞተሩ ዘይት ሲያንጠባጥብም አየሁ። ለዚህም ከግቢ ተባረርኩ፤ ለአለቃዬም «የንጉሠ ነገሥቱን ስም ያቃለለች» ተብሎ ተጻፈብኝ፤ በሽማግሌ ፊት ድንጋይ ተሸክሜ ይቅርታ ካልጠየቅሁም ከሥራዬ እንድነሣ ተጠየቀ። ክቡር ሆይ፣ የኔ ጥፋት ክዳን መክፈት ነው። የግርማዊነታቸውን ሕይወት፣ እርሳቸው ሳያውቁ፣ ዘይት ለሚያንጠባጥብ ሞተር ዋስ አድርገው ያስያዙት ግን እኔ አይደለሁም። ሽማግሌዎቹ ሲሰበሰቡ ድንጋዩን ማን እንደሚሸከም እነርሱ ይወስኑ፤ እኔ አልሸከምም።

፫ኛ፤ መኪናዋ «ከቢቸና ብዙም ወጥታ አታውቅም» ብለውኛል። ኪሎ ሜትር ቆጣሪዋም እንደዚያው ይመሰክራል። ይሁን እንጂ የፍሪሲዮኑ መርገጫ ላስቲኩ አልቆ ብረቱ እንደ መስታወት ያበራል። እንግዲህ ይህች መኪና ቆማ ሳለ ሌት ተቀን ስትረገጥ ኖራለች ማለት ነው።

፬ኛ፤ «ሴት ሞተር አታይም፤ የሚፈርም የታመነ ወንድ ይዘሽ ነይ» ስላሉኝም ስለ ምክርዎ አመሰግናለሁ። በሞጣ በገዛ እጄ የተቀበልኳቸው ወንዶች ብዙዎች ናቸው፤ የሁሉም ታላቅ ገና ሁለት ዓመቱ ነው። እስኪያድግ ድረስ ሽያጩን ሊያቆዩልን ከፈቀዱ ያስታውቁኝ።

ክቡርነትዎ የናፍጣ ጠላት ናት ብለው እንዳይገምቱኝ እለምናለሁ። ለረዥም መንገድ ከናፍጣ የሚሻል እንደሌለ አውቃለሁ፤ ከሞጣ በቢቸና በኩል አውራውን ጎዳና ይዞ ደብረ ማርቆስ ድረስ ለሚሄድ፣ ስምንት ሰው ጭኖ ዳገት ለሚወጣ፣ ቤንዚን በየመንደሩ ለማይገኝበት አገር ትክክለኛው እርሱ ነው። የማኅበራችን ሴቶችም ይህንኑ ተረድተዋል። ወይዘሮ ንግስት «ትንሽ ብታረጅስ፣ እኛስ አርጅተን እንሠራ የለም ወይ» ስትል፣ ዘኪያ ደግሞ «እኛ ስናረጅ ከሥራችን እሳት አንድደው አይሸጡንም» ብላ መልሳላታለች። እኔ መኪናዋ ደኅና ሆና ብትገኝ ከሁሉ በላይ ደስ የሚለኝ ሰው ነኝ። የምጠረጥረው ስለምፈልጋት ነው። ምጥ የያዛትን ሴት ጭና ዳገት መካከል የምትቆም መኪና ከቃሬዛ ትብሳለች፤ ቃሬዛ ተሸካሚ ሲደክመው ሌላ ይተካል፣ ሞተር ሲሞት ግን ሁላችንም በመንገድ ዳር ቆመን እናያለን። ያንን እንደገና አላይም።

ስለዚህ ውሳኔያችን ይህ ነው። የፊታችን ሐሙስ ጎሕ ሲቀድ እኔ፣ ሐጂ ሙሐመድጣሂር፣ ወይዘሮ ንግስትና ዘኪያ በግቢዎ በር እንገኛለን። መኪናዋ ብርዷ እንዳልተነካ ይሁን። ዘበኛው ፍም ይዞ ሲጠጋ ካየሁ «በሕግ አምላክ!» ብዬ አስቆመዋለሁ፤ ይህም ደግሞ የአገራችን ቃል ነው፣ ክቡርነትዎም ያከብሩታል ብዬ አምናለሁ። በብርድ ተነሥታ ስምንት ሰው ጭና ደብረ ወርቅ ደርሳ ከተመለሰች፣ በዚያው ዕለት በሴት ስም፣ በእኔ ስም፣ እፈርማለሁ፤ በአደባባይም አመሰግንዎታለሁ። ካልተነሣች ወይም በሩ ከተዘጋ ግን አንገዛም። ሐጂ ሙሐመድጣሂር የጭነት መኪናቸውን ለክረምቱ ወላድ ሊሰጡን ቃል ገብተዋል፤ ጤፍ የሚጫንበት ነውና ምቾት የለውም፣ ግን በማለዳ ይነሣል።

የክቡርነትዎን ጊዜ እንዲህ በመሻማቴ ይቅርታዎን እየለመንኩ፣ ለመኪናዋ ላሳዩት ርኅራኄ ሁሉ፣ በተለይም በብርድ እንዳትጎዳ ስለሚያደርጉት ጥንቃቄ፣ ወላድ እናቶቻችንም እንዲህ ያለ አሳቢ ሹም ቢያገኙ እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮት እጅ የምነሣ፣

ወይዘሪት አመተ ሥላሴ ይርሳው
የሞጣ ወላዶች ማመላለሻ ማኅበር መልእክተኛ

ግልባጭ፦ ማንበብ ለሚችል ሁሉ፤ ለማይችለውም ይነበብለት።

ማስታወሻ፦ ከዚህ በላይ ያለውን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ አንድ ነገር ሰማሁ። ባለፈው ሳምንት ክቡርነትዎ ለዘመድ ሠርግ ሞጣ ሲመጡ፣ እንከን የለሿ መኪና ነዳጇ ሞልቶ በግቢዎ ቆማ ሳለ፣ እርስዎ ሁለት ቀን ሙሉ በበቅሎ ተጉዘው እንደደረሱ የሠርጉ እድምተኞች ነግረውናል። በቅሎዋን ለመሸጥ ካሰቡ ማኅበራችን ጥርሷን ሳያይ ይገዛል።