የቀኝ ክንድህ ቆዳ

ውድ አባዬ፣

ከሞትክ ሰባት ወር ሆነ። አሁን የምጽፍልህ እጅህ ስለማይደርስብኝ ነው። በሕይወት ሳለህ አፌን ሳልከፍት ቡጢህ ይቀድመኝ ነበር። ብየዳ ቤትህ ውስጥ በውሃ ጎማ ስትገርፈኝ፣ እናቴን በፀጉሯ ይዘህ ከብረት በሩ ጋር ስታላትማት፣ አንዱንም አልረሳሁም።

ሐኪም ቤት ተኝተህ ሳለ ለምርምር ብለህ ፈርመህ ከቀኝ ክንድህ ቁራጭ ቆዳ ሰጥተህ ነበር። የመጣው እኔ ወደምሠራበት ቤተ ሙከራ ነው። ሥራችን የቆዳን ሕዋስ የልብ ሕዋስ ማድረግ ነው። ከዲኤንኤው አንድ ፊደል አንቀይርም። ፊደሎቹ ላይ ግን ይሄ ይነበብ፣ ያ ይዘጋ የሚሉ ጥቃቅን ኬሚካላዊ ምልክቶች ተለጥፈዋል፤ ቆዳን ቆዳ ያደረጉት እነሱ ናቸው። የተወሰኑትን በመድኃኒት እናነሳለን፤ ለሦስት ቀን ብቻ። ከዚያ ሕዋሱን ወደ ልብነት እንመራዋለን።

እኔ ያንተን ሕዋስ መድኃኒቱ ውስጥ ሰባት ቀን ተውኩት። ረስቼ አይደለም። በየጠዋቱ የሕዋሱን ሳህን እያየሁ «ገና ነህ፣ ገና!» እል ነበር። ምንህም እንዳይተርፍ ፈለግሁ። ማንነቱን ሁሉ የረሳ ሕዋስ ግን በሕይወት አይቆይም፤ ተበጣጥሶ አለቀ።

አብሮኝ የሚሠራው፣ ሰዓት አክባሪ ስለሆነ «ደወል» የምንለው፣ ሳህኑን አይቶ ጮኸ፦ «ምን ነካህ ወንድሜ? ሦስት ቀን ነው እኮ! ገደልከው!»

አንገቱን አንቄ ከማቀዝቀዣው ጋር አጋጨሁት። ከንፈሩ ተሰንጥቆ ደሙ ነጭ ጋውኑ ላይ ወረደ። ልደግመው እጄን ሳነሳ በሁለት ክንዱ ራሱን ሸፈነ፤ ልክ እኔ ልጅ ሳለሁ ጠረጴዛህ ሥር ገብቼ አደርግ እንደነበረው። ያነሳሁትን ክንድ አየሁት። ያንተ ነበር።

ስምንት ወር የሆናት ሴት ልጅ አለችኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ አላቀፍኳትም። ሚስቴ «ምነው፣ አትበላህም እኮ!» ትለኛለች። የምፈራው ራሴን እንደሆነ አልነገርኳትም።

ደወልን እግሩ ላይ ወድቄ ይቅርታ ጠየቅሁት። «ተነስ፣ ይልቅ ሥራህን በልኩ ሥራ» አለኝና ካንተ ቆዳ የቀረችውን አንዲት የሕዋስ ብልቃጥ ከማቀዝቀዣው አወጣልኝ። ሦስት ቀን፤ አንዲት ሰዓት አልጨመርኩም። ዛሬ፣ ከሳምንታት በኋላ፣ በማይክሮስኮፑ ሳይ ያ የገረፈኝ ክንድ ቆዳ ልብ ሆኖ ትር ትር ይላል። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

አባዬ፣ ይቅር አላልኩህም። ጨርሼ ልፍቅህም አልሞክርም፤ ብስክሌት ስማር ከኋላ ደግፎ የያዘኝም ያው ክንድህ ነው።

ከሥራ ስወጣ በቀጥታ ቤት እገባለሁ። ያደረግሁትን ሁሉ ለሚስቴ እነግራታለሁ። ከዚያ አጠገቤ እንድትቆም እለምናትና ልጄን አነሳታለሁ።

ክንድህን የወረሰው ልጅህ