ለአቶ ሰብስቤ መኪና የመረጥኩት ሽንት ቤት

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ ለዚያድ ሙሐሲን፣ ጆሃንስበርግ

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። የአላህ ሰላም ካለህበት ድረስ ገብቶ ይጠይቅህ። ለመሆኑ እንዴት ነህ? ጤናህስ? ያ ብርድ በመጣ ቁጥር የሚያስቸግርህ ሳል ዘንድሮ ተወህ ወይ? እናንተ ጋ አሁን ብርዱ እንደገባ ሰምቻለሁና ሱቅ ስትከፍት ደረትህን ሸፍን። ባለቤትህ ሀምዲያ እንዴት ናት? ልጃችሁስ ጥርስ አወጣ? እኛ አልሐምዱሊላህ፣ ከእናንተ ናፍቆት በስተቀር የጎደለብን ነገር የለም። ዲላ ዝናቡን ተያይዛዋለች፤ ጭቃውን አንተው ታውቀዋለህ።

ስልክ እያለ ደብዳቤ መጻፌ ሳይገርምህ አይቀርም። እማዬ ስልክ የምታወራው ድምፁን ከፍ አድርጋ ነው፤ ጎረቤቱ ሁሉ ይሰማል። የምነግርህ ደግሞ ለጎረቤት ጆሮ የሚሆን አይደለም። ወደዚያ የሚመለስ ሰው ሳገኝ ብዕር አነሳሁ። እውነቱን ለመናገር ተቀይሜሃለሁ። በረመዳን ደውለህ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «አንቺ ከሱቅሽ መለየት አቅቶሽ እናታችንን ከእህቷ አቆራረጥሻት፤ አምስት አረፋ ሙሉ አገሯን አላየችም» አልከኝ። ሆድ ይፍጀው ብዬ ዝም አልኩ እንጂ በጣም ከፍቶኝ ነበር።

እማዬ ወራቤ መሄድ የተወችው ጉልበቷን አሟት አይደለም። ከስድስት ዓመት በፊት እኔና እሷ ብቻ ለአረፋ ስንሄድ፣ ሀዋሳ ሳንደርስ አውቶብስ ውስጥ ሽንቷ አመለጣት። ስኳሩ አለ፤ ለግፊቷ የምትወስደው ኪኒን ደግሞ በየግማሽ ሰዓቱ ያስነሳታል። ሹፌሩን ሁለት ጊዜ ለመንኩት፤ «ሀዋሳ ስንገባ» አለኝ። ሻርፔን ወገቧ ላይ አስሬላት ወረድን። በዓሉን ሙሉ ከአክስታችን ከሀዲጃ ጓዳ አልወጣችም። ስንመለስ ለማንም እንዳልናገር አስማለችኝ። በዓመቱ አባዬ እንሂድ ሲሏት «ጉልበቴን» አለች፤ ከዚያ በየዓመቱ ጉልበቴን ሆነ። አባዬም አመኗት። በዚህ መሃል የአክስታችን ዓይን እየደከመ ሄደ። ዘንድሮ ሰው የሚለዩት በድምፅ ብቻ ነው ብለው ዘመዶች ነገሩን። እማዬ ይህን ስትሰማ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች፤ እራትም አልበላች።

አንተ በወቀስከኝ በሳምንቱ አቶ ሰብስቤ ሱቃችን መጡ። ታስታውሳቸዋለህ፤ አሪቻ ላይ ቡና ማጠቢያ ያላቸው፣ ቆርቆሮና ቧንቧ ከእኛ የሚወስዱት። ለውጭ አገር ቡና ገዢዎች ብለው አንድ መለስተኛ አውቶብስ ወደ ቤት አስቀይረዋል። አልጋ አለው፣ ምድጃ አለው፣ ሽንት ቤት ሳይቀር አለው። በለቀማ ጊዜ ገዢዎቹ አሪቻና ሬኮ ሲዘዋወሩ ያድሩበታል፤ ከዚያ ወዲያ ግቢ ውስጥ ቆሞ ዶሮ ይሰፍርበታል። የሠራው ሰው ግን የማይንቀሳቀስ ቤት መስሎት የሴራሚክ መቀመጫ በሲሚንቶ ለጠፈበት። የአሪቻ ኮረኮንች ከሥሩ ሰነጠቀውና መኪናው በሙሉ ሸተተ። «ሚስራ፣ በዚህ ከተማ ስለ ሽንት ቤት እንዳንቺ የሚያውቅ የለም፤ የሚሆነውን ምረጪልኝ» አሉኝ። ምስጋና ይሁን ስድብ እስካሁን አልገባኝም። እኔ ግን ገና እየተናገሩ በሐሳቤ እማዬን መኪናው ውስጥ አስቀምጫታለሁ።

አባዬ ሱቃችን ውስጥ ሴራሚክ ስለሞላ እሱኑ ልንሸጥላቸው ፈልገው ነበር። አንዴ የተሰነጠቀ ነገር ሁለተኛም ይሰነጠቃል ብዬ ተከራከርኩ። ያኔ ነው አንተን በቴሌግራም የጠየቅኩህ፤ ለምን እንደሆነ ግን አልነገርኩህም። አንተም ያንን ደረቁን ላክህልኝ፤ ሽንቱን ለብቻ የሚለየውን፣ ውሃ የማይፈልገውን፣ ሰጋቱራ የሚነሰነስበትን። አቶ ሰብስቤ ቪዲዮውን ሲያዩ ደስታቸው ሌላ ነው። «ሰጋቱራ ለምኔ፣ የቡና ገለባ ሞልቶኝ!» አሉ። አንዱን ለናሙና ከአዲስ አበባ አስመጣን።

አባዬ ራሳቸው ያልፈተሹትን ዕቃ ለደንበኛ አይሰጡም። የአቶ ሰብስቤ ሹፌር ሽብሩ መኪናውን በራችን ላይ አቆመ፤ አባዬ ማንቆርቆሪያቸውን ሞልተው ገቡ። እኔም አየኋቸው፣ ሽብሩም አያቸው፤ አንዳችንም ምንም አላልንም። ሰው ውሃ ይዞ ሽንት ቤት መግባቱ ምን ይገርማል? ሲወጡ ገለባው ውሃውን ጠጥቶ አብጦ፣ መለያው ተደፍኖ፣ ባልዲው ውስጥ ያለው ገንፎ መስሏል። አባዬ ደረጃው ላይ ቆመው፣ «ይሄ ነገር እኛን አያውቀንም» አሉ። ሽብሩ እስከ ይርጋጨፌ ድረስ እየሳቀ ሄደ አሉ። አንተስ ብትሆን፣ አገር ብትለቅ ውሃውንም ረሳኸው እንዴ ወንድሜ?

የቀረው ምርጫ ባለ ሣጥኑ ነው። መቀመጫው ፕላስቲክ ነው፤ ከሥሩ ሃያ ሊትር የሚይዝ ሣጥን አለው። ሣጥኑ በመኪናው ጎን ባለች ትንሽ በር ተስቦ ይወጣና ጉድጓድ ውስጥ ይደፋል። ቀላል ነው፣ አይሰነጠቅም፣ ውሃ አያበላሸውም፤ ከፍታውም ለእማዬ ልክ ነው። የአቶ ሰብስቤ ልብ ግን ከገለባው አልተላቀቀም። የእሳቸው እንግዶች በወረቀት የሚጠቀሙ ናቸውና ደረቁ ለእሳቸው አይከፋም ነበር። እዚህ ላይ ሕሊናዬ ወጋኝ፤ የደንበኛን ዕቃ ለእናቴ እየመረጥኩ ነው። ሄጄ ነገርኳቸው። «ደረቁም ይሆንዎታል። ባለ ሣጥኑን የምልዎት ለአረፋ መኪናውን እንዲያውሱኝ ፈልጌ ነው፤ በሽተኛ አለብኝ» አልኳቸው። ትክ ብለው አዩኝና፣ «ታዲያ መጀመሪያ አትናገሪም? ባለ ሣጥኑን አስገጥሚው። ብቻ ቡና ከሚታጠብበት ውሃ አጠገብ እንዳይደፋ» አሉኝ።

ከተገጠመ በኋላ እማዬን መኪናው ጋ ወስጄ አሳየኋት። በሩን ዘጋች፣ ከፈተች፤ ተቀመጠች፣ ተነሳች። «ሣጥኑን ማን ነው የሚደፋው?» አለች። እኔ አልኳት። «ሹፌሩ እንዳያይ» አለችና ቤት ገብታ ሻንጣዋን ከቁም ሣጥን ላይ አወረደች።

ረቡዕ ጠዋት ተነሳን። ሽብሩ ይነዳል፣ አባዬ ፊት ተቀምጠዋል፣ እኔና እማዬ ኋላ ነን። ሀዋሳን አለፍን፣ ሻሸመኔን አለፍን። እማዬ በፈለገች ቁጥር መኪናው ዳር ይይዛል፣ ትገባለች፣ ትወጣለች፤ ማንም ዞር ብሎ አያያትም። ግን አንድ ነገር አላሰብኩም ነበር። በወረቀት ሁለት ሦስት ቀን የሚቆየው ሣጥን በእኛ ማንቆርቆሪያ ሀላባ ስንደርስ ሞላ። ልስበው ብል አልነቃነቅ አለኝ። ሽብሩ ሊረዳኝ ሲወርድ እማዬ ከውስጥ ሰማችና፣ «እንዳይነካው! መልሱኝ፣ ወደ ቤቴ መልሱኝ!» ብላ ጮኸች። ድምጿ ውስጥ ልቅሶ ነበረ።

አባዬ ከፊት ወንበር ወረዱ። ለአረፋ የተሰፋላቸውን ነጭ ጀለቢያ ለብሰዋል። አባዬ ቤታችን ውስጥ የጠጡበትን ብርጭቆ እንኳ አንስተው አያውቁም። ሣጥኑን ጎትተው አወጡት፤ መንገዱን ተሻግረው የመስጊዱን ዘበኛ ፈቃድ ጠየቁ፤ ሽንት ቤቱ ውስጥ ደፍተው፣ ሁለት ጊዜ አጥበው ይዘውት መጡ። የጀለቢያቸው ጫፍ ረጥቧል። ቦታው መልሰው፣ እጃቸውን ታጥበው ኋላ ገቡና ከእማዬ አጠገብ ተቀመጡ። «አምስት ዓመት ሙሉ ጉልበትሽን በዘይት ሳሽልሽ አንድ ቀን አትነግሪኝም?» አሉ። ወራቤ እስክንገባ ድረስም ወደ ፊት ወንበራቸው አልተመለሱም።

አክስታችን እማዬን ፊቷን ዳብሰው ዳብሰው አልጠገቡም። በዓሉን እማዬ ጓዳ ሳይሆን ሳሎን፣ ከሴቶቹ መሃል ተቀምጣ ዋለች። በሁለተኛው ቀን ነገሩን ራሷ ለእህቷ ነገረች። አክስታችን ሳቁ፣ ቆይተው ደግሞ አለቀሱ። ለካ እሳቸውም ዲላ መምጣት ያቆሙት ዓይናቸው ስለደከመ ሳይሆን በዚሁ ምክንያት ኖሯል። ሁለት እህትማማቾች ለአንዲት ሽንት ብለው ስንት ዓመት ሳይተያዩ! ስንመለስ አክስታችን አብረውን መጡ። ሣጥኑን ሀላባ ላይ አሁንም አባዬ ናቸው የደፉት። አቶ ሰብስቤ መኪናቸውን ታጥቦ ተረክበዋል።

እንግዲህ እውነቱ ይህ ነው። ይቅርታ በለኝ አልልህም፤ ከእንግዲህ ግን ሰው በተሰበሰበበት አትውቀሰኝ፤ እኔም ስሜት አለኝ።

አባዬ ሰላም ብለውሃል፤ ሱቁ ደህና ነው፣ አታስብ ይላሉ። አክስታችን ሀዲጃ እዚሁ አጠገቤ ናቸው፤ የድምፅህ ጎርናናነት አልጠፋቸውምና ቶሎ ደውልላቸው። ሱቅ የምታግዘኝ ማርቲ ሰላም ብላሃለች። ሀምዲያን ሳምልኝ፣ ልጁንም ሁለቱን ጉንጩን። እማዬን ናፍቀሃታል፣ ዱዓዋም አልተለየህም። ከመሐላዬ የፈታችኝ እሷው ናት። ይህን ሁሉ ልጻፍለት ወይ ብዬ ስጠይቃት ትንሽ አሰበችና፣ «ጻፊለት! የእሱን ስንት ዓመት ስጠርግ የኖርኩ ሴት፣ አሁን እሱን ምን አፍረዋለሁ?» አለችኝ።

እህትህ ሚስራ ሙሐሲን
ዲላ፣ ሰኔ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.