ባቡር ውስጥ የተቆረጠው ጃክፍሩት

ውድ ሳሮጃ፣

ጉልበትሽ ተሻለሽ? እኛ ሦስታችን በባቡር ኬረላ ገብተናል። ይቺ ፖስት ካርድ ትንሽ ስለሆነች ትልቁን ወሬ ብቻ ልንገርሽ፤ አላሜሉና ኤሊያማ ታረቁ!

ከአላሜሉ ልጅ ሠርግ ወዲህ መኮራረፋቸውን ታውቂያለሽ። ፊት ለፊት ተቀምጠው እንኳ "በያት" እያሉ በእኔ በኩል ነበር የሚነጋገሩት። ዛሬ ጠዋት ሾራኑር ጣቢያ ላይ አላሜሉ ሕፃን ልጅ የሚያክል፣ ያን ሙጫም ፍሬ፣ ጃክፍሩት ገዛች። እናንተ ጓሮ ስንቆርጥ መጀመሪያ እጃችንን ዘይት እንቀባለን። እሷ ግን በባዶ እጇ ገባችበትና ሙጫው ጣቶቿን እርስ በርስ አጣበቃቸው፤ ሳሪዋም አብሮ ተጣበቀ። ፉርጎው በሙሉ ሲስቅ እሷ ልታለቅስ ደረሰች።

የኮኮናት ዘይት የያዘችው ኤሊያማ ብቻ ነበረች። ትንሽ በመስኮት ወደ ውጭ ስታይ ቆየችና ጠርሙሷን አወጣች።

"እጅሽን አምጪ፣ አንቺ ግትር!"

"ቀስ በይ እንጂ! ቆዳዬን ገፈፍሽው!"

"በልጅሽ ሠርግ ከጫማ ማውለቂያው አጠገብ ስታስቀምጪኝ እኔንስ አላመመኝም?"

አላሜሉ አንገቷን ደፋች። "አጥፍቻለሁ፣ ኤሊያማ" አለች ቀስ ብላ።

ኤሊያማ የአላሜሉን ጣቶች አንድ በአንድ አሽታ አላቀቀቻቸው። እጇ ሲፈታ አላሜሉ የመጀመሪያዋን ቁራጭ ራሷ አልበላችም፤ በኤሊያማ አፍ ከተተችላት። እኔ ነኝ ያለቀስኩት፣ ታምኚኛለሽ?

ለባልሽና ለልጆቹ ሰላም በይልኝ። አላሜሉና ኤሊያማም እኔ ልጻፍ እኔ ልጻፍ ብለው ካርዷን ሲሻሙ ቦታው አለቀባቸው፤ ጠርዙ ላይ የምታያቸው ዘይታም የጣት አሻራዎች የሁለቱ ሰላምታ ናቸው።

ያንቺው ኮማላ