በሁዳዴ ያልተረገጠችው ወፍ

ለሙላቱ፣ ለዓለሜ፤ ባለህበት ሰላም ይሁንልህ።

ከተለያየን ዓመት አልፎ ሌላ ፋሲካ መጣ። ጥቁሩን ልብስ በሙት ዓመትህ ማግስት አወለቅሁ። ልጃችን ትግስት ከባሕር ዳር መጥታ «እማዬ፣ ይበቃል» አለችኝና ራሷ አጥባ፣ አጣጥፋ አስቀመጠችው። በሰው ፊት አንቱ፣ ለብቻችን አንተ እያልሁህ ነው የኖርነው። አሁንም ለብቻችን ነንና አንተ እልሃለሁ።

የቤቱን ነገር በቅደም ተከተል ልንገርህ፤ አለዚያ እንደማይሆንልኝ ታውቃለህ። የሚያፈስሰው ቆርቆሮ ተለውጧል። ማንጎዋ ዘንድሮ ቅርንጫፏ እስኪጎብጥ አፈራች፤ ለጎረቤት አድዬ እንኳ ተርፏል። ልብስህን በተዝካርህ ዕለት ለአብነት ተማሪዎች ሰጠን። ክራንችህን ከደምበጫ የመጣ አንድ ገበሬ ወሰደው፤ ረዝሞበት ከታች አስቆረጠው። ከዕቃህ ሳልሰጥ ያስቀረሁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ያቺን የእጅ ጌም። የምጽፍልህም ስለ እርሷ ነው።

ስኳሩ ቀኝ እግርህን ካስቆረጠህ በኋላ ዝም ማለት ጀምረህ ነበር። ከቡሬና ከሽንዲ በቆሎ ስትጭን የኖርህ ሾፌር፣ በረንዳ ላይ ተቀምጠህ የሚያልፈውን መኪና በሞተሩ ድምፅ ትለያለህ፤ ሌላ ወሬ የለህም። ይህን አይታ ነው ትግስት ጌሟን ከነካሴቶቿ ገዝታ ያመጣችልህ። እኅትህ እቴነሽ ከቡሬ ልትጠይቅህ መጥታ ስታይህ እንዴት እንዳሾፈችብህ አልረሳሁትም። «ኧረ ወንድምዓለም! ሽበትህን ይዘህ የልጅ መጫወቻ? ጡጦም ላምጣልህ?» አለችህ። አንተም ዓይንህን ሳታነሳ «ተይኝ፣ እየነዳሁ ነው። እዚህ አገር መንገዱ ሁሉ ወደ ቀኝ ነው፤ ትራፊክም የለ» አልሃት።

የምትነዳው ግን መኪና አልነበረም። ካሴቶቹ ሁሉ የዝላይ ጨዋታ ነበሩ፤ አንድ ትንሽ ሰው ወይም አውሬ ይሮጣል፣ ጉድጓድ ይዘላል፣ በብዙዎቹም ከፊቱ የመጣበትን ጠላት አናቱን ረግጦ ያልፋል። አንድ ቀን ከጎንህ ተቀምጬ፣ የጨዋታው ሰው ጉድጓዱን በዘለለ ቁጥር ከጉልበትህ በላይ የቀረችው እግርህ ብድግ ስትል አየሁ። አንተ አላወቅህም። እኔ ወደ ጓዳ ገባሁና ጥቂት ቆየሁ።

ከዚያ ሁዳዴ ገባ፤ አንተም «በጾም ፍጥረት አልረግጥም» አልህ። ቀልድህን መስሎኝ ነበር። የነፍስ አባታችን ጸበል ሊረጩልን ሲመጡ ግን ጌሟን አሳይተህ ጠየቅሃቸው። መነጽራቸውን አስተካክለው አዩና «ልጄ፣ ይህ ጥላ ነው፤ ደም የለውም» አሉህ። «ደም ባይኖረውም አባ፣ እኔ ስረግጠው ደስ ይለኛል» አልሃቸው። ሳቁ፤ ከዚያም ሳቃቸውን ትተው «እንግዲያውስ ጹም» አሉህ።

ጾምህም። ሁዳዴውን ሁሉ፣ ከዚያም ወዲህ ረቡዕና ዓርቡን፣ አንድም ጠላት ሳትረግጥ ማለፍ ጀመርህ። እኔ አይቻልም ብዬህ ነበር። አንተ ግን ጠርዝ ላይ ቆመህ ትጠብቃለህ፤ ጠላቱ መጥቶ፣ ዞሮ፣ ሲመለስ ከኋላው ትዘላለህ። በፍስክ ከምትጫወተው ይልቅ በጾም የምትጫወተው እያማረ ሄደ። ድካም ሲይዝህ ለእኔ ታቀብለኛለህ፤ እኔም ጽድቅ ፍለጋ ሳይሆን ጣቴ ስለማይታዘዝልኝ ብዙ ጊዜ ወድቄያለሁ። እንዲህ ሆኖ ነው ጨዋታዎቹን አንድ በአንድ ያወቅኋቸው።

ዘንድሮ ይህ እውቀት ለሰው ያስፈልጋል ብዬ አልጠበቅሁም። እቴነሽ ከጎተራ መሰላል ወድቃ ዳሌዋ ተሰበረ፤ ለወራት ከአልጋ አትነሺ ተባለች። ያቺ ለአፍታ የማትቀመጥ ሴት! በጾሙ መካከል ስልክ ደወለችልኝ። «እትዬ፣ የጣሪያውን ማገር ቆጥሬ ቆጥሬ ሰለቸኝ። ያቺን የወንድሜን መጫወቻ ይላኩልኝ። ከየትኛው እንደሚጀመር አንቱ ያውቁታል» አለች። ስላሾፈችብህ ደግሞ፣ ሳልጠይቃት፣ «ጡጦዬንም አይርሱ» ብላ ጨመረች።

እኔም አስተማሪ ሳለሁ ለተማሪ መጽሐፍ እንደምመርጠው መረጥሁላት። ሚዛኔ አንድ ነው፤ ጥሩ ጨዋታ ያስተማረውን ነው የሚፈትን። መጀመሪያ ወድቀህ የማትጎዳበት ትንሽ ጉድጓድ ያሳይሃል፤ ትልቁን የሚያመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ስትወድቅም ጥፋቱ የራስህ እንደሆነ ታውቃለህ።

በዚህ ሚዛን መጀመሪያ «ድቡን» አስቀደምሁ። አያቻኩልም፤ ፍሬ እየለቀመ በዝግታ ይሄዳል፤ ሲወድቅም ከወደቀበት አጠገብ ይነሳል። ለጀማሪ እጅ ከእርሱ የሚሻል የለም። ቀጥሎ «ጦጢት»ን። ከገመድ ገመድ ስትወነጨፍ ገመዱ ተወዛውዞ እስኪመለስ መጠበቅ ግድ ነው፤ ትዕግሥት ለሌላት ለእቴነሽ ይህ መድኃኒት ነው። የሚረገጥ ጠላትም ስለሌለባት ለጾም የተሠራች ትመስላለች። «በረዶው» ይቅርብሽ አልኋት። መሬቱ ያንሸራትታል፣ ከላይም ያልታየ ነገር ይወርዳል፤ ያላስተማረውን ይፈትናል። አንተ ግን ትወደው ነበር፤ «የዓባይ በረሃ በክረምት እንዲህ ነው» እያልህ።

ከሁሉ የሚበልጠው «ባለ ስልቻው» ነው። ስልቻ ተሸክሞ ተራራ ለተራራ የሚሄደው ሰውዬ። ዝላዩ ክብደት አለው፤ ሲያርፍ መሬቱ የሚሰማህ ይመስላል፤ አዲስ መንገድ ሁሉ ከፊተኛው ትንሽ ብቻ ይከብዳል። ስለ እርሱ ግን ለእቴነሽ ምንም አልነገርኋት።

ምክንያቱን ታውቀዋለህ። አምና በሁዳዴ በባለ ስልቻው ጨዋታ ከአንድ ሰፊ ገደል አፋፍ ደረስህ። ማንም ዘሎ አይሻገረውም። መካከል ላይ አንዲት ወፍ ትመላለሳለች፤ እርሷን ጀርባዋን ረግጦ እንደገና መዝለል ብቻ ነው መንገዱ። አንተም ቆምህ። «ፋሲካ ሲደርስ እሻገራለሁ» አልህ። ማዶው ምን እንደሆነ ተከራከርን። እኔ ከሰፊ ገደል ቀጥሎ የባሰ ገደል እንደሚመጣ፣ የትምህርቱም ሥርዓት ይህ እንደሆነ አስረዳሁህ። አንተ «አይደለም። ከእንዲህ ያለ ገደል ማዶ ሜዳ ነው። መንገድ ለእኔ ተይው» አልኸኝ። ቦታህን መዝግበህ ጌሟን አጠፋሃት። ደብረ ዘይት ባለፈ በሳምንቱ አንተ አረፍህ።

ካሴቱ የአንድ ሰው ቦታ ብቻ ነው የሚይዝ፤ ሌላ ሰው አዲስ ከጀመረ የፊተኛው ይሰረዛል። ስለዚህ ማንም ሳያየኝ ከነጠላዬ ጫፍ ቋጠርሁት። አንተ እዚያ አፋፍ ላይ ቆመሃል፤ ወፊቱም ትመላለሳለች፤ እኔ ካልነካሁት እንዲሁ ትኖራለህ ብዬ። ትግስት ግን ለሙት ዓመትህ ስትመጣ ነገረችኝ፤ በካሴቱ ውስጥ የሸሚዝ ቁልፍ የምታህል ባትሪ አለች፤ እርሷ ስታልቅ ቦታውም አብሮ ይጠፋል። ሰማሁ፤ ቋጠሮውን ግን አልፈታሁም።

ወደ ቡሬ ራሴ ሄድሁ። ከአልጋዋ አጠገብ ተቀምጬ ካሴቶቹን ሰጠኋት፤ ለጌሟ አዲስ የባትሪ ድንጋይ ጨመርሁላት፤ መዝለያውን ቁልፍ አሳየኋት። ድቡን በየጉድጓዱ ጣለችው። «ይህ ድብ ጠላ ጠጥቷል እንዴ?» ትላለች፤ እኔም «ድቡ ጾመኛ ነው፤ አንቺ ነሽ የቸኮልሽ» እላታለሁ። ከወደቀች ጀምሮ እንዲያ አልሳቀችም አሉኝ የቤቱ ሰዎች።

ከዚያ ጌሟን ከደረቷ ላይ አኖረች። «ወንድሜ የቆመበትስ የታለ?» አለችኝ። ለካ ነግረሃት ነበር። እጄ ወደ ነጠላዬ ጫፍ ሲሄድ አየችው። «እትዬ፣ አዲስ አልጀምርም። እንደ እርሱ እጾማለሁ፤ እስከ ፋሲካ ማንንም አልረግጥም፤ ወፊቱንም አልነካት። ሲፈሰክ ግን ወንድሜ እዚያ አይቅር። ብርድ ነው አፋፍ ላይ» አለች።

ቋጠሮው ጠብቆ ኖሮ በጥርሴ ነው የፈታሁት። ጨዋታው ሲከፈት ከቆመበት የሚያስቀጥለውን መስመር እንድትጫን፣ አዲስ የሚያስጀምረውን እንዳትነካ አሳየኋት። ሳትሳሳት ራሷ እስክታሳየኝ ድረስ ደጋገምን። አልተሰላቸችብኝም። ወደ ቤታችን ወደ ፍኖተ ሰላም ስመለስ መኪናው ውስጥ የነጠላዬን ጫፍ ደጋግሜ ዳሰስሁ፤ የቋጠሮው ምልክት አልለቀቀውም ነበር።

በዳግም ትንሣኤ እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለስሁ ስልኩ ጮኸ። እቴነሽ ናት። «እትዬ! ፊት ወድቄበት አለቀስሁ፤ ግን ያው ከቆመበት መለሰኝ። ኋላ ረገጥኋት። ተሻገረ!» አለች። እኔ ቆሜ ነበር፤ ተቀመጥሁ። ማዶው ምን እንደሆነ ሳልጠይቃት እርሷ ቀድማ ነገረችኝ። «ሜዳ ነው እትዬ። ረጅም ሜዳ። ጉድጓድ የለ፣ የሚረገጥ የለ። ዝም ብሎ በእግሩ ይሄዳል። እንዳልነካው ፈርቼ ሳየው ቆየሁ» አለች።

ሙላቱ፣ እኔ በሥርዓቱ ገደል ብዬህ ነበር፤ አንተ ሜዳ አልህ። ብዙ ዘመን የተማሪ ደብተር አርሜያለሁ፤ ይህን ግን ራሴን አርሜ ለአንተ ትክክል ሰጥቻለሁ። እቴነሽ በእግሯ ስትቆም ጌሟን ትመልስልኛለች። ሁዳዴ በገባ ቁጥር በረንዳው ላይ፣ ከአንተ መቀመጫ አጠገብ ሆኜ፣ አንድም ሳልረግጥ እጫወትልሃለሁ። ብወድቅም እነሳለሁ። አንተ ግን ከእንግዲህ አትዝለል፤ ቀኝህን ይዘህ ቀስ ብለህ ሂድ።

ያንተው ጥሩወርቅ