ውሃው መጨረሻው መስመር ሳይደርስ

የምሕረት አባት፣ እንደምን ሰነበትክልኝ? ከተለየኸን ወዲህ የጓሯችን ማንጎ ሁለት ጊዜ አፍርቷል። ልጽፍልህ እያሰብኩ ስተወው ቆየሁ፤ የማወራህ ደህና ነገር አልነበረኝም። ዛሬ ግን የምሥራች አለኝ።

ልጃችን አዲስ አበባ ስትዳር ቅር ያለህ ባሏን ጠልተህ አልነበረም፤ መንገዱን ፈርተህ ነው። የመጀመሪያው ፅንስ የወረደባት ጊዜ ገና ሳይነጋ ከሲቀላ መናኸሪያ በአውቶቡስ ተነሥተን የደረስነው መሽቶ ነበር። ብቻዋን አልቅሳ ጨርሳ አገኘናት። ከዚያ ወዲህ እስክታርፍ ድረስ ያስጨነቀህ ይኸው ነበር፤ «እንደገና የጨነቃት ዕለት ማን ይደርስላታል?»

ጫኖ ማሳችን ላይ ስትሠሩ አውሮፕላኑ ሲያልፍ፣ ወንድምህ ዘለቀ ሙዙን አጠጥተህ ሳትጨርስ ቦሌ ያርፋል ይልህ ነበር። አንተ ትስቅበታለህ። እነሱ ሰዓቱን የሚቆጥሩት ከሰማይ ጀምረው ነው፣ የምድሩን ጥበቃ ማን ቆጠረው ትለዋለህ።

ባለፈው ሳምንት አንድ ቀን ጠዋት አማቻችን ደወለ። ምሕረት ምጡ ጠንቶባታል፣ ሐኪሞቹም እስከ ከሰዓት ካልወለደች በቀዶ ጥገና ትወልዳለች ብለዋል አለኝ። ዘለቀ ሮጦ የአውሮፕላን ትኬት አስቆረጠልኝና በባጃጅ አውሮፕላን ማረፊያ አደረሰኝ። የመስኖ ውሃ ተራችን በዚያው ቀን ስለነበር እኔን አውርዶ በቀጥታ ወደ ማሳው ሄደ። እኔ ደግሞ እንደ አውቶቡሱ መንገድ ስንቄን ቋጥሬያለሁ፤ የተቀቀለ ስኳር ድንች፣ ቆሎ፣ ሙዝ። ፈታሿ ልጅ ዘንቢሌን አይታ፣ እናቴ ስንት ቀን ሊጓዙ ነው ብላ ሳቀችብኝ።

ጥበቃውን በተመለከተ ልክ ነበርክ፣ ረጅም ነው። ከተነሣን በኋላ ግን አባያ ሐይቅ ቀላ ብሎ ከታች ተዘረጋ። ማሳችንን በመስኮት ፈለግሁት፤ ከላይ ሲታይ ሙዙ ሁሉ አንድ ነው። ጸሎቴን ጨርሼ ስንቄን ልፈታ ስል፣ ልናርፍ ነውና ቀበቶ እሰሩ ተባለ። አንድ ሰዓት እንኳ አልሞላም። ያ እንቅልፍ የነሳህ መንገድ ይኸው ነው።

እንደወረድኩ ለዘለቀ ደወልኩለት። ቦዩን የከፈተው አውሮፕላኑ በላዩ ሲያልፍ ነበር። ደርሻለሁ ስለው መጀመሪያ አላመነኝም። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ «እትዬ፣ ውሃው እኮ ገና መጨረሻው የሙዝ መስመር አልደረሰም» አለኝ። ሁለታችንም አንተን እያሰብን ነበር።

ከቦሌ እስከ ሆስፒታሉ ድረስ መንገዱ ተጨናንቆ ከበረራው ያላነሰ ጊዜ ፈጀብኝ፤ ይህንን ብትሰማ እንዴት ደስ ይልህ ነበር። ቢሆንም ደረስኩላት። ወደ ቀዶ ጥገናው ክፍል ሊያስገቧት በአልጋ እየገፏት ሳለ እጇን ያዝኩት። «መጣሽ?» አለችኝ። ባሏ ከጭንቀት ብዛት እህል አልቀመሰም ነበርና የሕፃኗ ድምፅ ሲሰማ ያን ሁሉ ስኳር ድንች ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ጨረሰው።

ሴት ናት። ጆሮዎቿ እንደ አንተ ሰፋ ያሉ ናቸው። እናቲቱም ደህና ናት፣ ትናንት አጥሚት ጠጥታ ተቀምጣ አወራችኝ።

እንግዲህ እረፍልኝ፤ መንገዱ ቅርብ ነው። ወደ ጫኖ ስመለስ፣ ተራችን በደረሰ ቁጥር ቦዩ ዳር እቆማለሁ። አውሮፕላኑ ሲያልፍም ለሁለታችን ቀና ብዬ አየዋለሁ፤ ውሃው መጨረሻው መስመር እስኪደርስም አንተን እያሰብኩ እቆያለሁ።