ለብቻው የተቀመጠው ማንጎ

ይድረስ ለልጄ ለኢዲል፤ አሰላሙ ዓለይኩም። የጅማ ዝናብ እንዴት ይዞሻል? እኛን የድሬ ሙቀት አጥብቆ ይዞናል፤ ደህና ነን፣ አልሐምዱሊላህ።

ትምህርትሽ ለፍራፍሬ መደባችን ጠቀመ። የበሰለ ማንጎ ሆርሞን አለው፣ እንደ ጋዝ እየወጣ አጠገቡ ያለውን ጥሬ ያበስላል፣ ያስረጃል ስትዪኝ ስቄብሽ ነበር። ወላሂ፣ የበሰለውን ለይተን ስናስቀምጥ ሌላው ሰነበተልን። ሰሞኑን መደቡ ላይ የምትቀመጠው እህትሽ ሙኒያ ናት።

እኔ ወደ ጓሮዋ ክፍል ተዛውሬያለሁ፤ ነፋስ ይገባል። ኩባያዬንም ለየሁ። የሙኒያን ሕፃን በመስኮት አየዋለሁ፤ እጁን ሲዘረጋልኝ ከዚህ ሆኜ አጨበጭብለታለሁ። ጠዋት ጠዋት ጤና ጣቢያ ደርሼ እመለሳለሁ፤ እግር ማፍታቻ ነው። የያዘኝ ሳል የአቧራ ነው።

ለዒዱ አትምጪ፣ የደቻቱ ወንዝ ይሞላል። ድልድይ እንዳለ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ቆይተሽ ነይ።

አላህ ባለሽበት ይጠብቅሽ። አስተማሪሽን አንድ ነገር ብቻ ጠይቂልኝ፤ ሌላው እንዲሰነብት ተብሎ ለብቻው የተቀመጠው ማንጎ፣ እሱስ ስንት ቀን ይቆያል?

እናትሽ ቀመሪያ፣ ከድሬዳዋ ሳቢያን