በሐምሌ የወጠርኩት ክንፍ

አባ ላሊሴ፣

ከሄድክብኝ ዓመት ከሰባት ወር ሆነኝ። እንዴት ሰነበትክ ብዬ አልጠይቅህም፤ ያለህበት አገር ከነቀምቴ ጭቃ እንደሚሻል አምናለሁ። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ዳገት ስወጣ ያጉረመርማል። ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ የተነሳሁት ናፍቆት ገፍቶኝ ብቻ አይደለም፤ ናፍቆቱማ የዕለት ነው። አንድ በደል አለብኝ። በአንተ ላይ፣ ያውም በሰው ፊት የተናገርኩት። ቀስ ብዬ እደርስበታለሁ፤ አንተ እንደሆንክ መጠበቅ ታውቅበታለህ።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ ልንገርህ። ልጃችን ላሊሴ ጉቴ ከተማ ማስተማሯን አልተወችም፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣለች። ወንድ ልጅ ወልዳለች። ስሙን በአንተ ልታወጣ ፈልጋ ነበር፤ የከለከልኳት እኔ ነኝ። ኢታና ብዬ ስጣራ ሌላ ሰው አቤት ሲለኝ የምችለው አልመሰለኝም። ከአባቴ የወረስኩት የክርና የልብስ ቁልፍ ሱቅም እንዳለ ነው። የጉራጌ ልጅ ሱቁን የሚዘጋው ለራሱ ቀብር ብቻ ነው እያልክ ታበሽቀኝ አልነበር? ለአንተ ቀብር ሦስት ቀን ዘግቻለሁ፤ ይመዝገብልኝ።

ጓሮ ያለችውን የሥራ ክፍልህን አላከራየሁም። ጠይቀውኝ ነበር። መጋዙም መላጊያውም አንተ በሰቀልክበት ሚስማር ላይ ነው፤ ትንሿ የእንጨት አውሮፕላንህም ጠረጴዛው ላይ።

ያቺን ፎቶ ያመጣህበትን ቀን ታስታውሳለህ? ትምህርት ቤቱ አሮጌ መጽሔቶችን ሲጥል ከመሃላቸው ቆርጠህ በደረት ኪስህ ይዘሃት መጣህ። ላይና ታች ድርብ ክንፍ ያለው፣ ገና አውሮፕላን መዋጋት በጀመረበት ዘመን የተሠራ የጦር አውሮፕላን ነበር። አብራሪው ከወገቡ በላይ ያለ ክዳን ሜዳ ላይ ነው፤ ክንፎቹን ደግሞ ከላይ ታች የተጠላለፈ ሽቦ ይዟቸዋል። እኔ አይቼ ይህ ሰውዬ እናት የለውም ወይ ብዬ ነበር። አንተ ግን ሽቦዎቹን ትቆጥር ነበር። ጡረታ ስወጣ ይህን በእንጨት እሠራዋለሁ አልክ። ሠላሳ ዓመት የእንጨት ሥራ ያስተማረ ሰው እንጨት የሰለቸው መስሎኝ ነበር፤ ተሳስቻለሁ።

ዋንዛውን የጊዳ አያናው አጎትህ ላኩልህ። ክንፉን እንደ ሽንኩርት ልጣጭ አሳሳኸው። በሁለቱ ክንፎች መሃል የሚቆሙትን ምሰሶዎች ከቀርከሃ ፈለጥክ። መትረየሱ የተሰበረ ጃንጥላ ሽቦ ነው፤ የአብራሪው መቀመጫ የአሮጌ ጫማህ ምላስ። ከሱቄ ሁለት ትልልቅ የካፖርት ቁልፎች ጠፍተውብኝ ሠራተኛዬን ስገላምጥ ከረምኩ፤ በኋላ ቀዳዳቸው በቀለም ተደፍኖ የአውሮፕላኑ ጎማ ሆነው አገኘኋቸው። ልጅቷን ይቅርታ ስጠይቃት አንተ በር ላይ ቆመህ ትስቅ ነበር።

የቀረው የሽቦው ነገር ነበር። የክር ነጋዴ ልጅ አግብተህ፣ መደርደሪያ ሙሉ ክር ይዤልህ መጥቼ፣ አንዱንም አልፈልግም አልክ! ክር ጸጉር ያወጣል፣ በዚህ መጠን ሲታይ ገመድ ይመስላል፣ ናይለኑም ያብለጨልጫል አልከኝ። ተቀየምኩህ። አንተ ጉቴ ሄደህ ከባለ ጋሪው ከዲንሳ የፈረስ ጭራ ይዘህ መጣህ። የወንድ ፈረስ ይሁን፣ የባዝራ ጭራ በሽንት ይበላሻል ብለህ ተከራክረህ፣ ዲንሳ ማሲንቆ ልትመታ ነው ወይ ብሎ ሳቀብህ። ለሌላ ሴት አበባ ይመጣላታል፤ ለእኔ የፈረስ ጭራ መጣልኝ፤ ያውም በእኔ ሳፋ፣ በእኔ ሻምፑ የሚታጠብ።

ጭራው ታጥቦ ደረቀ፣ ክረምቱም ገባ። ዝናቡ ቀኑን ሙሉ ይወርዳል፣ አንተ ቤት ነህ፣ ሥራ የለህም። በል አሁን ወጥረው አልኩህ። «ገኒ ሃ በኡ» አልከኝ፤ ክረምቱ ይውጣ። በሳምንቱ ጠየቅኩህ፤ ክረምቱ ይውጣ። እኔም ምላሴን ታውቀዋለህ፤ ክረምቱ ምን አደረገህ፣ የምታበርረው ይመስል አልኩህ። ሳቅክ። ወትሮም ከተማው ሁሉ በዘገምተኛነትህ ይቀልድ ነበር፤ ኢታና ዘንድ ወንበር ያዘዘ ቆሞ ያረጃል ይሉ ነበር። እኔ ደግሞ ከሁሉ ብሼ እስቅ ነበር።

ክረምቱ ሳይወጣ ነሐሴ ላይ ልብህ ቆመ።

አሁን በደሌን ልንገርህ። ለቅሶው ላይ ሰው ስለ አንተ ደግነት ሲናገር፣ እኔም ተናገሪ አሉኝ። አልቅሼ ዓይኔ አብጧል፤ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ደግስ ደግ ነበር፣ ስንፍናው ነው እንጂ፤ ጀምሮ የጨረሰው ነገር የለም፣ ያ አውሮፕላንም እንዳልጨረሰው ቀረ አልኩ። ድንኳኑ ሙሉ ሳቀ። ሽማግሌዎቹም ሳቁ። የመጨረሻ ስምህን እንዲያ አድርጌ ሰጠሁህ።

ሙት ዓመትህ ሲቃረብ እኔ ልጨርስልህ ብዬ ተነሳሁ። እልህም ነበረበት፤ አንተ ያቃተህን ላሳይህ። ባለፈው ሐምሌ ነው። አሠራሩን ከአንተ አፍ ተምሬያለሁ፤ ሲበር ነፋስ ክንፉን ወደ ላይ ስለሚገፋው ከታች የመጡት ሽቦዎች ይይዙታል፣ መሬት ላይ ሲቆም ደግሞ ክንፉ በክብደቱ እንዳይወርድ ከላይ የመጡት። በጋለ መርፌ ቀዳዳ አበጀሁ፣ ጭራውን አሾልኬ ጠብታ ሙጫ አደረግኩ፣ እስኪይዝ ጫፉ ላይ የልብስ መቆንጠጫ አንጠለጠልኩ፣ ትርፉን በምላጭ ቆረጥኩ። ክንፉ እንዳይጣመም ቀኝ አንድ ግራ አንድ። ስልሳ ሁለት ዓመቴ ነው፤ እጄ አልተንቀጠቀጠም። ጥብቅ አድርጌ ወጠርኩት፤ በጥፍሬ ስነካው ይዘፍን ነበር። ላሊሴ ፎቶ አንስታ ለዘመድ ሁሉ ላከች። ኮራሁ፤ አልደብቅህም፣ በአንተ ላይ ኮራሁ።

ጥር ላይ፣ ያ ደረቁ ነፋስ ሲነፍስ፣ በቀትር ክፍሏን ልጠርግ ገብቼ ቋ የሚል ድምፅ ሰማሁ። አንዱ ምሰሶ ተሰብሯል። አይጥ ነው አልኩ። በማግስቱ ሌላው ተሰበረ፤ የላይኛው ክንፍ ተጣሞ ተሰነጠቀ። ማንም አልነካውም። ተቀምጬ እንደ ቀብርህ ቀን አለቀስኩ።

በዚያው ሳምንት ዲንሳ የጋሪውን ኮርቻ የሚሰፋበት ክር ሊገዛ ሱቅ መጣ። ነገርኩት። «ኣዴ፣ በዝናብ ወጠርሽው እንዴ?» አለኝ። ጭራ በእርጥበት ይረዝማል፣ ሲደርቅ ያጥራል፤ ይህን የጋሪ ሰው ሁሉ ያውቀዋል አለ። አንተም ጭራውን ስትወስድ የምወጥረው በበጋ ነው ብለኸው ነበር። ክሩን ጠቅልዬ የሰጠሁት አይመስለኝም፤ እሱ ራሱ ጠቅልሎ ሄደ።

ለምን አልነገርከኝም ኢታናዬ? ምናልባት ነግረኸኝ ነበር፤ እኔ መሳቄን ሳልጨርስ።

የካቲትን ሙሉ ስጠግነው ቆየሁ። ቀርከሃውን ፈለጥኩ፣ ክንፉን በሙጫ ገጣጠምኩ፤ ስንጥቁ ይታያል፣ አልሸፈንኩትም። ጭራውን እንደገና አንድ በአንድ፣ በደረቅ ቀን ብቻ፣ ሳይላላም ሳይጠብቅም ወጠርኩት። ባለፈው ሐሙስ አለቀ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ የሰፈሩ ሴቶች ለጸሎት እኛ ቤት ተራ ነበራቸው። አውሮፕላኑን አውጥቼ መሃላቸው አስቀመጥኩ። ለቅሶው ላይ ስለ ባሌ የተናገርኩት ውሸት ነው፣ ሰነፍ አልነበረም፣ አላዋቂዋ እኔ ነበርኩ አልኳቸው። ማንም አልሳቀም። ጎረቤታችን ሃዳ ጫልቱ ብቻ ራሷን ነቀነቀች። ለልጇ ለጫልቱ ሰርግ የታዘዘው ቁም ሣጥን የደረሰው ልጅቷ ሁለተኛዋን ስታረግዝ እንደነበር አስታወሰችን፤ ከዚያ ግን በየክረምቱ የሰፈሩ በርና ሣጥን በእርጥበት አብጦ በትከሻ ሲገፋ፣ የጫልቱ ቁም ሣጥን በአንድ ጣት እንደሚከፈት ነገረችን። እንጨቱን ሁለት በጋ አድርቀህ ነበር ለካ የቆረጥከው። እኔ አላውቅም ነበር፤ እሷ ታውቅ ነበር።

ሴቶቹ ሲሄዱ ተነስቼ በቤታችን ዞርኩ። የመኝታ ቤቱን በር ከፍቼ ዘጋሁ። የማድ ቤቱን። የጓዳውን። ሁሉንም የሠራሃቸው አንተ ነህ፤ በሠላሳ አራት ክረምት አንዱም አንድ ቀን አልጠበቀብኝም። እኔ በር ሁሉ እንደዚያ የሚከፈት ይመስለኝ ነበር።

ይቅር በለኝ። ዘንድሮ ዝናቡ ሲገባ በሩ ላይ እጄን አሳርፌ ቀስ ብዬ እገፋዋለሁ፣ በተከፈተልኝ ቁጥር አንተን አስባለሁ፤ የላሊሴ ልጅም መራመድ ሲጀምር የሚገፋውን በር ማን እንደሠራው፣ እንዴት እንደሠራው፣ ሳልቀልድ እነግረዋለሁ።

ያንተው፣ ሃዳ ላሊሴ